አራተኛው በእሳቱ ውስጥ

ታኅሣሥ 19፣ ቅዳሜ። ከቁልቢ ወደ ድሬ ዳዋ

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በሐረማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል፤ ሌላው ተራራውን እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው፣ ወደ ድሬ ዳዋ ይወርዳል። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው ሁላችንም ከቁልቢ ገብርኤል ንግሥ የምንመለስ ነን። ነጠላው ሁሉ አቧራ ጠጥቷል። ከጎኔ የተቀመጠችው እናት ዛሬ ጠዋት ክርስትና ያስነሣችውን ልጅ እንደታቀፈች እንቅልፍ ወስዷታል። በስለት የተገኘ ልጅ መሆኑን ገና ስንነሣ ለሁላችንም ነግራናለች። ቁልቢ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጋቢው ይገፈፋል፣ ሹራቡ ይወልቃል፣ መስኮቱ ይከፈታል።

ቁልቢን የመሠረቱት ራስ መኰንን ናቸው፤ ከዐድዋ ዘመቻ ጋር የተያያዘ ስለት እንደነበራቸው ይነገራል። ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከመላው አገር ሕዝብ ይጎርፍበታል። በታኅሣሡ በዓል የሚሰበከው የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ነው። ለናቡከደነፆር ምስል አንሰግድም ያሉት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እሳት ውስጥ ተጣሉ። ንጉሡ ወደ እቶኑ ሲመለከት ግን ሦስት የነበሩት አራት ሆነው ሲመላለሱ አየ፤ አራተኛውም የአምላክን ልጅ እንደሚመስል ተናገረ።

ዛሬ ጠዋት በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቆሜ ልቤ የተያዘው እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ማነው? ቤተ ክርስቲያናችን በዓሉን የምታከብረው ሊያድን ለወረደው ለቅዱስ ገብርኤል ነው። እንደ ሔሬኔዎስ ያሉ ቀደምት አባቶች ደግሞ በእሳቱ ውስጥ የታየው ገና ሥጋ ያልለበሰው ወልድ ነው ብለዋል። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ራሱ ለሁለቱም በር ይከፍታል፤ ንጉሡ መጀመሪያ የአምላክ ልጅ የመሰለውን አየ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ መልአኩን ልኮ ያዳናቸውን አምላክ አመሰገነ። እኔ ሁለቱ ሲጣሉ አይታየኝም። ገብርኤል በመጽሐፍ ብቅ ባለበት ሁሉ የራሱን ነገር አይናገርም። ለዳንኤል የመሲሑን ዘመን ሱባዔ ቆጥሮ የነገረው እርሱ ነው። ለድንግል ማርያም የምትወልደው የልዑል ልጅ እንደሚባል ያበሠራትም እርሱ ነው። ስለት ይዞ ወደ ቁልቢ የሚወጣ ሰው ሁሉ፣ አሰበውም አላሰበውም፣ የወልድን ነገር ሊነግር ወደ ተላከ መልእክተኛ ደጅ ነው የሚሄደው።

ይህን እያወጣሁና እያወረድኩ ነው ድሬ የገባሁት። ከዚራ ሆቴሎች በተሳላሚ ሞልተዋል። የባቡር ኩባንያው ፈረንሳዮች የቀየሱት ሰፈር ነውና መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ጥላው ሰፊ ነው። ባጃጆቹ መስታወት ላይ የተለጠፈውን እያነበብኩ አመሸሁ፤ አንዱ ቁልቢ ገብርኤል፣ ሁለተኛው ማሻ አላህ፣ ሦስተኛው ኢየሱስ ጌታ ነው ይላል። የዚህች ከተማ ሰው ስለ አንዱ የማርያም ልጅ ምን ያምናል? ጥያቄውን ይዤ ተኛሁ።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ። ዘብርሃን

በጾመ ነቢያት መጨረሻ ያሉት ሦስት እሑዶች ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ ይባላሉ። መሲሑን ሲጠባበቁ የኖሩትን ነቢያት ናፍቆት እያሰብን ወደ ልደት የምንደርስባቸው ደረጃዎች ናቸው። ዛሬ ብርሃን ነው፤ ወንጌሉም የዮሐንስ ምዕራፍ 1፣ በመጀመሪያ ስለ ነበረው ቃልና ያም ቃል ሥጋ ስለ መሆኑ።

የሰበኩት መምህር ወጣት ናቸው። ድምፅ አይጮኹም፤ ያስረዳሉ። አርዮስ የእስክንድርያ ቄስ እንደ ነበረ፣ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበር፣ የፍጡራን በኵር ነው ብሎ እንዳስተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ325 ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው ብለው እንደ ለዩት ተረኩ። እኔ ደግሞ እየሰማሁ በሐሳቤ ወደ አክሱም ሄድኩ። ምክንያቱም ይህ ክርክር ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አልነበረም። የሮሙ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ 2ኛ ለአርዮሳውያን ያደላ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ356 ገደማ ለአክሱሙ ንጉሥ ለዒዛናና ለወንድሙ ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈላቸው። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአዲሱ ተሿሚ በጊዮርጊስ ሃይማኖቱ ይመርመር አላቸው። ደብዳቤውን ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው። በዓለም ኃያል የነበረው ቄሣር ያሳሰበው የአክሱም ወርቅና የዝሆን ጥርስ ብቻ አልነበረም፤ አክሱም ስለ ወልድ ምን ታስተምራለች የሚለውም ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች። ዒዛናም ባቆመው የግሪክኛ ጽሑፍ በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ያለውን እምነት በድንጋይ አስቀርጿል።

ከቅዳሴው አንድ ቦታ ሁልጊዜ ያቆመኛል። ከቁርባን በፊት ካህኑ ሥጋውንና ደሙን ይዞ ሲመሰክር፣ መለኮት ከትስብእት ለቅጽበት እንኳ እንዳልተለየ ይናገራል። ሕዝቡ ይህን የሚሰማው በትምህርት ቤት አይደለም፤ ለመቁረብ ሲሰለፍ ነው። ልጅ የታቀፉ እናቶች፣ ሽርጥ ለባሽ ደላላ ጎረቤት ያላቸው ነጋዴዎች፣ ነገ ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች በየሳምንቱ ይሰሙታል። ምሥጢረ ሥጋዌ የሊቃውንት ብቻ ነው የሚለውን አባባል ያልወደድኩት ለዚህ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ የያዝኩት ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነጠላዬን አይቶ ገና ሳንነሣ ጀመረኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይለመድም።

"አቦ ጋሼ፣ ከቅዳሴ ነህ አይደል? አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኢየሱስ አማላጅ ነው ወይስ ፈራጅ?"

ኢትዮጵያ ውስጥ በኦርቶዶክሶችና በወንጌላውያን መካከል እንደዚህ ጥያቄ በታክሲ፣ በግቢ፣ በሠርግ ቤትና በለቅሶ ቤት የተነሣ ያለ አይመስለኝም። እርሱ የሙሉ ወንጌል ምእመን ነው። ሮሜ 8ን ጠራ፣ ዕብራውያን 7ን ጠራ፤ ክርስቶስ በአብ ቀኝ ሆኖ ስለ እኛ ይማልዳል አለኝ። እኔ ዮሐንስ 5ን አነሣሁ፤ አብ ፍርዱን ሁሉ ለወልድ ሰጥቷል። በሥጋው ወራት ጸለየ፣ በመስቀል ራሱን መሥዋዕት አድርጎ አንድ ጊዜ አስታረቀን፤ ዛሬ ግን ከአብ ጋር እኩል በሆነ ክብር ይፈርዳል እንጂ እንደ አገልጋይ ቆሞ አይለምንም አልኩት።

"ታዲያ እኔ አጥፍቼ ስቆም ማን ይናገርልኛል?" አለ። የክርክር ድምፅ አልነበረም።

እዚህ ላይ ነገሩን በቅንነት ልጻፈው። እኔ የቆምኩት ከአባቶቼ ጋር ነው፤ ወልድን ከአብ የሚያሳንስ አነጋገር ሁሉ በጓሮ በር የሚገባ አርዮስ ይመስለኛል። የልጁ ጥያቄ ግን ወልድን ለማሳነስ የመጣ አልነበረም። የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው፤ አምላክ የሆነው እርሱ አሁንም የኛን ሥጋ እንደ ለበሰ፣ አሁንም የኛ ወገን እንደ ሆነ ማወቅ ይፈልጋል። ያንን ደግሞ ተዋሕዶ አትክድም። ሥጋችን በአብ ቀኝ ተቀምጧል ብላ የምታስተምረው እርሷ ናት። ይህን ስነግረው ፍጥነት ቀነሰ።

"እሱን እንደዚህ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም" አለ።

ከመውረዴ በፊት አንድ አዳራሽ አሳየኝና "እነዚያ ኦንሊ ናቸው፣ እኛ አይደለንም" አለኝ። ኦንሊ ጂሰስ የሚባሉት አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ሦስት አካላት ሳይሆኑ አንዱ ኢየሱስ ራሱ ነው ይላሉ። በሌላ ሰፈር ደግሞ ኢየሱስ ከፍጥረት ሁሉ አስቀድሞ የተፈጠረ ነው የሚሉት የይሖዋ ምሥክሮች አሉ። አንዱ ልዩነቱን ሲያጠፋ ሌላው እኩልነቱን ያጠፋል። ኒቅያ የተጓዘችው በነዚህ ሁለት ገደሎች መካከል ነው። ከ1700 ዓመት በኋላም የድሬ ባጃጅ ነጂ የትኛው ገደል የት እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል።

ታኅሣሥ 21፣ ሰኞ። ምድር ባቡር

አሮጌው የባቡር መስመር ድሬ ዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው ከተማዋ ከተራራው ሥር፣ ከደቻቱ ዳር ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ዛሬ አዲሱ ባቡር ከከተማ ውጭ ባለ ሌላ ጣቢያ ያልፋል፤ ከዚራ ያለው የድሮው ወርክሾፕ ግን ከነፈረንሳይ ማሽኖቹ ቆሟል። የወሰዱኝ ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። እሳቸውን አንተ ለማለት አፌ አልታዘዝልኝ ስላለኝ ጋሼ፣ እርስዎ እያልኩ ቀጠልኩ፤ ሳቁብኝና ተዉት።

ምን እንደምጽፍ ስነግራቸው ወደ ብረት ማጋያው ምድጃ ወሰዱኝ። ቀዝቅዟል፤ አመዱ ግን አለ።

"እኔ መጽሐፍ አልተማርኩም" አሉ። "የኔታ ሲያስተምሩ ግን እኔ በእጄ የማውቀውን ነበር የሚናገሩት። ብረቱን እሳት ውስጥ ትከተዋለህ። ይግላል፤ ያበራል፤ ያቃጥላል። እሳት ነው? አዎ፣ የነካኸው እንደሆነ ያቃጥልሃል። ብረት ነው? አዎ፣ ትቀጠቅጠዋለህ። መዶሻው ሲያርፍበት የሚጣመመው ብረቱ ነው፤ እሳቱ አይጣመም፣ አይሰበር። ግን መዶሻው ያረፈው በጋለው በአንዱ ነገር ላይ ነው፤ እሳቱን እዚህ ብረቱን እዚያ አድርገህ አልመታህም።"

የእስክንድርያው ቄርሎስና ሌሎች አባቶች የተጠቀሙበት ምሳሌ ነው። ከእኚህ ሰው አፍ ስሰማው ግን በመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ ገባኝ። አምላክ በሥጋ ታመመ ስንል መለኮት ተጎዳ ማለታችን አይደለም፤ የታመመው ሥጋም የሌላ የማንም ሳይሆን የአምላክ የራሱ ሥጋ ነው። ከተዋሕዶ በኋላ ሁለት አንልም።

እ.ኤ.አ. በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ከተዋሕዶ በኋላም በሁለት ባሕርይ ብሎ ሲወስን እኛ፣ ግብጻውያን፣ ሶርያውያንና አርመኖች አልተቀበልነውም፤ ግሪኮችና ሮማውያን ተቀበሉት። ጋሼ ያደጉት በዚህ ልዩነት መካከል ነው። በልጅነታቸው ከዚራ ውስጥ ግሪክም፣ አርመንም፣ ፈረንሳይም፣ ጣሊያንም ጎረቤት ነበር። "አርመኖቹ እንደኛ ናቸው ይባል ነበር፤ ግሪኮቹ ደግሞ ስማቸው ኦርቶዶክስ ሆኖ እንደኛ አይደሉም። ለልጅ ግራ ያጋባል" አሉኝ።

ከዚያ የአያታቸውን ነገር አነሡ። እኔም ብዕሬን የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። አያታቸው የሸዋ ሰው፣ የጸጋ ልጅ ነበሩ።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ማንሣት አለብኝ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላም በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑ ቢወጡም የቀሰቀሱት ጥያቄ አልወጣም። ሥጋ ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ ከከበረ፣ በመንፈስ ቅዱስ መቀባቱ ለምን ተጻፈ? ሊቃውንቱ ለዚህ ሦስት መልስ ሰጡ። ካራ የተባሉት ሥጋ የከበረው በተዋሕዶ ነው፤ ወልድ ራሱ ቅብዕ ነው፤ ልደቱም ሁለት ነው፣ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፣ ድኅረ ዓለም ከድንግል ያለ አባት አሉ። ቅባቶች የሥጋ ክብር በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው፤ በቅብዐት የባሕርይ ልጅ ሆነ አሉ፤ ማዕከላቸው ጎጃም ነበር። ጸጎች ደግሞ በሰውነቱ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልጅ ሆነ፣ ስለዚህ ሦስተኛ ልደት አለው አሉ፤ በደብረ ሊባኖስና በሸዋ ጠንካራ ነበሩ።

ይህን ሁሉ የመነኮሳት ንትርክ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ብዙ ነው። እኔ አላልፈውም። እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት ማንም ክርስቲያን ሊጠይቀው የሚገባውን ነው፤ ከማርያም የተወለደው ሰው ልጅነቱን በስጦታ ያገኘው ነው ወይስ የራሱ ነው? በስጦታ ከሆነ እኛም በጥምቀት ከምንቀበለው ልጅነት በምን ይለያል? የራሱ ከሆነ ደግሞ ዮርዳኖስ ላይ የወረደው መንፈስ ቅዱስ ለማን ወረደ? ጥያቄው ትልቅ ነበር። የሚያሳዝነኝ የተዳኘበት መንገድ ነው። በዳዊት 3ኛ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1716–1721) ንጉሡ ወደ ቅባት አድልተው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ጎንደር ውስጥ ተገደሉ። ክርክሩን የቋጨው ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ምኒልክን አስቀምጠው በ1870 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1878) ቦሩ ሜዳ ላይ ያደረጉት ጉባኤ ነው። የእስክንድርያው ፓትርያርክ መልእክት ተነበበ፣ ሁለት ልደት ጸና፣ ሦስት ልደት ተወገዘ፤ አልመለስም ያለውም ተቀጣ።

"አያቴ ተመለሱ" አሉ ጋሼ። "ከልባቸው ይሁን አይሁን እግዜር ያውቃል። አባቴ ደግሞ በባቡሩ ሥራ ወደዚህ ወረደ።"

ከሰዓት። መጋላ

ደቻቱን ተሻግረን መጋላ ገባን። ወንዙ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ይኸው አሸዋ ነው። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ከድሬ ዳዋ አስተዳደር ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ ሙስሊም፣ ሩብ ያህሉ ኦርቶዶክስ ነበር። የጋሼ የልጅነት ጓደኛ ሐጂ ሱቅ ከፊራ አካባቢ ነው። ሻይ አስቀዱልን። ጾም መሆኑን ስለሚያውቁ ወተቱን ማንም ሳይጠይቃቸው ተዉት።

ሐጂ ነገሩን በቀጥታ ያዙት። "ዒሳን እኛም እናምናለን" አሉኝ። "መሲሕ ነው። ከመርየም ያለ አባት ተወለደ። ጂብሪል ነው ያበሠራት። ሙታን አስነሥቷል፣ ዕውር አብርቷል። በሰማይ አለ፤ ይመለሳል። ልጅ ነው የምትሉት ላይ ነው የምንለያየው። አላህ አይወልድም፣ አልተወለደም።"

"በሥጋ ሥርዓት ወለደ የሚል ክርስቲያን የለም" አልኳቸው። "ያ ለእኛም ክህደት ነው። መጽሐፋችን የሚያስተምረው ከልብ ቃል እንደሚገኝ፣ ጊዜ ሳይቀድመው፣ አካል ሳይከፈል የሆነ ልደት ነው።"

"ጓደኛዬ አርባ ዓመት ነግሮኛል" አሉ ወደ ጋሼ እያዩ። "ምን እንደምትሉ አውቃለሁ። አውቄ ነው የማልቀበለው።"

ይህን መልስ አከበርኩት። ድሬ ላይ ሰው በፍቅር ይኖራል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ማንም ስለ ማንም እምነት እንደማይጠይቅ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች አንዱ የሌላውን መልስ በቃሉ ያውቃል፣ አይሸፋፍነውም፣ አያለዝበውም። መሲሕ በሚለው አንድ ሆነው ወልድ በሚለው እንደሚለያዩ አፍ ለአፍ ይነጋገራሉ። ሁላችንም አንድ ነው የምንለው የሚል ሰው ለሁለቱም ደግ የሠራ ይመስለዋል፤ ሁለቱንም ግን አልሰማቸውም።

የሙስሊሙ ታሪክ የሚያቆየው ሌላ ትዕይንት አለ። ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች በአክሱሙ ነጋሢ ፊት ሲቆሙ ጃዕፈር ከመርየም ምዕራፍ አነበበ፤ ነጋሢው አለቀሰ፤ አሳልፎ አልሰጣቸውም። ስደተኞቹ ስለ ዒሳ ምን እንደሚሉ በግልጽ ተጠይቀው በግልጽ መልሰዋል። ሐጂ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ቀጥለው የነገሩኝ ግን ወደ ቦሩ ሜዳ መለሰኝ። ቅድመ አያታቸው የወሎ ሰው ነበሩ። ዮሐንስ በዚያው ጉባኤ ማግስት የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ራስ ሆኑ፤ ሌላው ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ፤ ብዙው ሸሸ። የሐጂ ቤተሰብ ከሸሹት ነው። ጋሼ አጎንብሰው ሰሙ። የአንዱ አያት የተመለሱት፣ የሌላው ቅድመ አያት የሸሹት በአንድ ጉባኤ ምክንያት ነው። በዚህ ሁሉ የወዳጅነት ዘመን ሁለቱን ታሪኮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠዋቸው እንደማያውቁ ከፊታቸው ገባኝ።

እኔ የቦሩ ሜዳን ሃይማኖት አምናለሁ፤ ሁለት ልደት የአባቶቼ ሃይማኖት ነው። ወልድ ሆኖ ሳለ የባሪያን መልክ ስለ ያዘ አምላክ የተሰጠ ውሳኔ በአለንጋና በስደት መጽናቱ ግን ያመኛል። እውነቱ የሚያምር ስለሆነ ነው ይበልጥ የሚያመኝ።

ማታ። ካቶሊኮቹ ጋ

የቦሩ ሜዳን ሦስተኛ ክር ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ከመጋላ ስመለስ በከዚራ ወደ ካቶሊኮች ቤተ ክርስቲያን ግቢ ገባሁ። የጋሼ ባለቤት ካቶሊክ ናቸውና እዚያ የሚያስተምር ሰው አስተዋወቁኝ። ካቶሊክነት በዚህ ምሥራቅ እንዴት እንደ ተተከለ ጠየቅኩት። በሸዋ በምኒልክ ዘንድ የነበሩት ካፑቺኖች፣ ጉሊየልሞ ማሳያና ረዳታቸው ታውሪን ካኛ፣ ከቦሩ ሜዳ በኋላ በ1879 (እ.ኤ.አ.) በዮሐንስ ትእዛዝ ከአገር ወጡ። ታውሪን በ1881 በሌላ በር፣ በሐረር ገቡ፤ በ1899 እስኪያርፉም እዚያው ነበሩ። የተከተሏቸው እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው፤ ልጅ ተፈሪን (በኋላ ዓፄ ኃይለ ሥላሴን) ያስተማሩት አባ ሳሙኤልም የእሳቸው ተማሪ ናቸው። እነሆ የቦሩ ሜዳ እጅ እዚህም አለ። ሸዋ ያስወጣቸውን ሐረርጌ ተቀበለች።

በቦሩ ሜዳ ስለ ወልድ የተነሣው ጥያቄ ከሮም ጋር የነበረውንም ክርክር በውስጡ ይዞ ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ1965 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉ አብያተ ክርስቲያናትን አዲስ አበባ ላይ ሰበሰቡ። በ1971 ደግሞ የእኛና የግሪኮቹ ወገን ሊቃውንት እዚያው አዲስ አበባ ተቀምጠው በዚሁ ክርክር የተነሣ አንዱ በሌላው ቅዱሳን ላይ ያስተላለፈውን ውግዘት ስለ ማንሣት ተወያዩ። በ1973 የእስክንድርያው አቡነ ሺኖዳ 3ኛና የሮሙ ጳውሎስ 6ኛ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው እንደሆነ፣ መለኮቱና ትስብእቱ ያለ መቀላቀልና ያለ መለያየት አንድ እንደሆኑ በጋራ ፈረሙ። አስተማሪው ፊርማውን በቃሉ ያውቀዋል። የጋሼ ባለቤት ግን እሑድ ወደ ራሳቸው፣ ጋሼ ወደ ራሳቸው ይሄዳሉ፤ ቁርባን አብረው አይቀበሉም። ይህን ሲነግረኝ አላማረረም።

እኔ እነዚህ ስምምነቶች ሁሉን ፈቱ አልልም፤ ያልተፈታው ብዙ ነው፣ የተፈረመውም ከምእመናን ዘንድ አልደረሰም። ቦሩ ሜዳን የማያውቅ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ የለም። የ1971 የአዲስ አበባ ውይይት ግን በገዛ ከተማችን ተደርጎ ስሙ ሲጠራ የሰማሁት ዛሬ ማታ ድሬ ላይ፣ ያውም ከካቶሊክ አስተማሪ አፍ ነው። አዲስ አበባ ስገባ መምህሮቼን ልጠይቃቸው ያሰብኩት ይህን ነው፤ ምሥጢረ ሥጋዌን ስታስተምሩ የቦሩ ሜዳን ውሳኔ ከነስደቱ፣ ከነደሙ፣ የ1971ንም ከነሰነዱ ለልጆቹ ለምን አትነግሯቸውም?